ከባሌስትራ ማጭድ፣ ከኩሽኔታ ዓይን

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕናና ከዳውሮ የሚመጡ መኪኖች እዚህ ይገናኛሉ። መኪና በበዛበት ጋራዥ ይበዛል፤ ጋራዥ በበዛበት ደግሞ ውዳቂ ብረት ይከማቻል፦ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ የላላ ካቴና፣ ያለቀ ካንዴላ፣ የባጃጅ ሞላ፣ ቡሎንና ዳዶ። ብዙው በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። የተረፈው ግን እዚያው ሌላ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ወላይታ ብረትን ከመኪና በፊት ጀምሮ የሚያውቁ እጆች አሏት።

እነዚህ እጆች የዎጋቼዎች ናቸው፤ የአካባቢው ብረት ቀጥቃጮች። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ልጅ መጀመሪያ ወናፍ ይነፋል፣ ከዚያ ጉጠት ይይዛል፣ በመጨረሻ መዶሻ ይሰጠዋል። ብረት በወላይታ ከመሣሪያነትም ያለፈ ቦታ ነበረው፤ ማርጯ የሚባለው ብረት ቀድሞ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማዕድኑን ከአፈር አቅልጦ የማውጣቱ ጥበብ የፋብሪካ ብረት ሲበዛ እየቀረ ሄደ። መዶሻው ግን ሥራ አልፈታም፤ ጥሬ ዕቃውን ከጋራዥ ማግኘት ጀመረ።

የመኪና ባሌስትራ ለቀጥቃጭ ውድ ዕቃ ነው። ለቤት ምሰሶ ከሚገባው ተራ ፌሮ የበለጠ ካርቦን ስላለው በእሳትና በውሃ ይጠነክራል፤ ስለቱንም ቶሎ አይለቅም። ቀጥቃጩ በከሰል ያግለዋል፣ መስፍ ላይ አስቀምጦ ያሳሳዋል፣ ማጭድ ሲሆን ያጎብጠዋል፣ በመሮ ጥርስ ያወጣለታል። ከዚያ እንደገና አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። እዚህ ላይ የሚመካው በዓይኑ ነው፤ የሙቀት መለኪያ የለውም፣ የብረቱን ቀለም ብቻ ያያል። ቀድሞ ከነከረው አይጠነክርም፣ ከልክ በላይ አግሎ ከነከረው እንደ ሸክላ ይሰበራል። በልኩ የተነከረውም በቀላሉ እንዳይሰበር ነክሮ ሲያበቃ በትንሹ መልሶ ያሞቀዋል። ለጊፋታ በዓል በሬ የሚታረድበት ቢላ፣ የእንሰት ማሳ የሚኮተኮትበት ዶማ፣ የጤፍ ማጭድ ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

እንዲህ ያለ እውቀት የያዘ ሰው ግን ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። በወላይታም እንደሌላው የአገሪቱ ክፍል ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አውጀዋል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ደግሞ ለባለእጁም መሬት የማግኘት መብት ሰጥቷል። አዋጅ ግን የጋብቻን አጥር አላፈረሰም። ይህ በደል በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለ ውዳቂ ብረት ጥበብ ሲወራ መጀመሪያ ስሙ መነሳት ያለበት እጅ ያ የተናቀው እጅ ነውና።

ከውዳቂ ብረት የሚሠራ ቅርፃ ቅርፅም ከማጭድ ብዙም አይርቅም። የበርና መስኮት ብየዳ በየከተማው ተስፋፍቷል፤ ብዙው በያጅ የተማረው ረዳት ሆኖ፣ ዓይኑን በመስታወት ከልሎ ጌታውን እያየ ነው። ይህ ሰው ለግቢ የሚሆን ወፍ መሥራት ቢፈልግ የሚያስፈልገው ማሽን በእጁ ነው። የሚጎድለው ክምሩ ውስጥ ወፉን ማየት ነው። እግሩ ከ12 ሚሊሜትር ፌሮ ይታጠፋል። አንገቱ ካቴና ሊሆን ይችላል፤ መያዣው አንድ በአንድ ከተበየደ ካቴና እንደፈለጉት ጎብጦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላባው ከላሜራ ይቆረጣል፣ ዓይኑ ኩሽኔታ ነው። ሁሉም መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይያዛል፤ ወፉ ወደፊት ካጋደለ እግሩ ይፈታና እንደገና ይቀመጣል። ሙሉ ብየዳው የሚመጣው ሚዛኑ ሲያዝ ነው።

ራሱን ያስተማረ ሰው በዚህ መንገድ የት ሊደርስ እንደሚችል ቶም ኤቭሪ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተወለደው ይህ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ኑሮው አሮጌ ፋብሪካዎችን ማፍረስና ውዳቂውን መሸጥ ነበር። በ1983 ግን መሸጡን ትቶ መገጣጠም ጀመረ። በዊስኮንሲን ግዛት፣ ባራቡ ከተማ አጠገብ የቆመው ፎርኤቨርትሮን የተባለው ቅርፁ ወደ 300 ቶን ይመዝናል፤ በዙሪያውም ከሙዚቃ መሣሪያ ስብርባሪ የተሠሩ ወፎች ቆመዋል። ኤቭሪ እስከሞተበት እስከ 2020 ድረስ የሚታወቀው ዶክተር ኤቨርሞር በሚለው የፈጠራ ስሙ ነበር።

ለወላይታ አንባቢ ግን የበለጠ ቅርብ የሚሆነው የሞዛምቢክ ታሪክ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ጳጳሱ ዲኒሽ ሴንጉላን በጀመሩት ፕሮጀክት፣ መሣሪያውን ያስረከበ ሰው በምትኩ ዶማ፣ ብስክሌት ወይም የልብስ ስፌት መኪና ይሰጠው ነበር። ከተቆራረጠው ጠመንጃ ቀራፂዎች ወንበርና ዛፍ ሠሩ። ክሪስቶቫዎ ካኛቫቶ በ2001 የሠራው የመሣሪያ ዙፋን ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

በአገራችን ውዳቂን ወደ ታላላቅ ሙዚየሞች ያስገባው ኤልያስ ስሜ ነው። እርሱ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ መርፌና ክር መያዝን ግን ያወቀው ገና ልጅ ሳለ ነው። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዛውን የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠልፎ ሰፋፊ ሥዕሎች ይሠራል። ከሥነ ጥበብ አዘጋጇ (ኩሬተር) መስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ሲከፈት አትክልቱ፣ የጭቃ ግድግዳውና የጥበብ ሥራው በአንድ ግቢ ተገናኙ።

ወደ ሶዶ ስንመለስ፣ ቅርፁ የሚቆምበት ግቢ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናቡ በበልግም በክረምትም ስለሚመጣ ብረቱ ከመቀባቱ በፊት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይጠጣል፤ እግሩም አፈር ሳይነካ በሲሚንቶ ላይ ይቆማል። ቆርቆሮ የሚበይድ ሰው የዚንኩን ሽፋን ቀድሞ መፋቅ አለበት፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ታጥቦ ውሃ ሳይሞላ በእሳት ከተቆረጠ ሊፈነዳ ይችላል። ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ለግቢው ቅርፅ ሲያዝ ደግሞ ዋጋውን በብረቱ ኪሎ መተመን አይገባውም፤ የሚከፈለው ለሠሪው ዓይንና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከዎጋቼ ቤት ለወጣ በያጅ ቢሰጥ ሥራውም ተገቢውን እጅ ያገኛል።