ሽክ ለማለት ገንዘብ ብቻ አይበቃም

የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቃረቡ የድሬዳዋ ገበያዎች መልካቸው ይለወጣል። በጾሙና በሙቀቱ ቀዝቀዝ ብሎ የሚውለው ከተማ ከኢፍጣር በኋላ ነፍስ ይዘራል። ከፊራና ታይዋን በገዢ ይጨናነቃሉ። ከገዢዎቹ መካከል ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ አባወራዎችም አሉ።

እስቲ ከቢዮ አዋሌ ለዒድ ገበያ የመጣ አንድ አባወራን እናስብ። ማሽላና ፍየል ሸጦ የቋጠራትን ብር ይዟል። መጀመሪያ ለልጆቹ ይገዛል፤ ቀጥሎ ለባለቤቱ። ከዚያ ስኳሩ፣ ዘይቱና ቴምሩ ይከተላሉ። ለራሱ የሚያስበው መጨረሻ ላይ፣ ወደ ቤት የሚመልሰው መኪና ጡሩምባ መንፋት ሲጀምር ነው። ከተሰቀሉት ኮቶች አንዱን ይጠቁማል፣ ሳይለካ ይከፍላል፣ በፌስታል ይዞ ይሮጣል።

ልጆችን ማስቀደሙ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዒድ ጠዋት ኮቱ ከትከሻው ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ሱሪው ጫማው ላይ ይከመራል፤ አዲሱ ጫማ ተረከዙን ይልጠዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ለራሱ ያወጣው ገንዘብ ያላማረበት ሆኖ ይቀራል። ወንዶች ሲዘንጡ የሚፈጽሟቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ከጥድፊያና ካለማስተዋል የሚመጡ እንጂ የኪስ ማነስ የወለዳቸው አይደሉም። በመሆኑም ለማረም ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

መዋብም፣ አለማባከንም

በእስልምና ለሶላት መዋብ የተወደደ ነገር ነው። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ሰዎች በየመስጂዱ ጌጣቸውን እንዲይዙ ያዛል። ያው አንቀጽ እዚያው ላይ ማባከንን ይከለክላል። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውን ልብ ማለት ይገባል።

በሐዲስ እንደተዘገበው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ገበያ ላይ ያዩትን የሐር ካባ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አምጥተው ለዒድና እንግዳ ለመቀበል እንዲዋቡበት ሐሳብ አቅርበው ነበር። ነቢዩ ልብሱን አልተቀበሉም። ምክንያቱ ሐር መሆኑ ነበር፤ ለዒድ መዋብን ግን አልነቀፉም። ዑለማዎች ከዚህ በመነሳት ለዒድ ማጌጥ በዚያን ጊዜም የታወቀ ልማድ እንደነበር ያስረዳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወንዶች ለበዓሉ ክብር ሲሉ የወርቅ ቀለበት ወይም ሐብል አድርገው ወደ ሶላት ይሄዳሉ። ወርቅና ሐር ግን በእስልምና ለወንድ የተከለከሉ ናቸው። ቀለበት የሚወድ ሰው የብር ማድረግ ይችላል።

አየሩን የረሳ ልብስ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። ነገር ግን ለደጋ የተሠራ የሚመስል ወፍራም ባለ ገበር ሱፍ ለብሶ ከፀሐይ በታች የሚቆም ወንድ አይጠፋም። ከሶላቱ በኋላ ዘመድ ጥየቃ ሲጀመር ኮቱ ክንድ ላይ ይውላል፣ የሸሚዙ ጀርባም በላብ ይርሳል።

ሲገዙ ከዋጋው በፊት በልብሱ ውስጠኛ ስፌት ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማንበብ ይጠቅማል። ፖሊስተር ብቻ ከሆነ ላብ አይመጥም፤ አየርም እንደልብ አያስገባም። ጥጥ ወይም ጥጥ የሚበዛበት ድብልቅ ለቆላ ይመቻል። በተጨማሪም የሂጅራ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ ማሰብ ተገቢ ነው። ዘንድሮ የተስማማ ልብስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበዓሉ ወቅት ላይስማማ ይችላል።

ሌላው ስህተት የራስን ልብስ መናቅ ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሽርጥ የወንድ ልብስ ነው። በሽርጥ ላይ ንጹህ ሸሚዝ፣ ሲያሻም ቀለል ያለ ኮትና ኮፍያ መልበስ የቆየ የማዕረግ አለባበስ ነው። ከቢዮ አዋሌ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው "ከተሜ ለመምሰል" ብሎ ይህንን አውልቆ የማይመጥነው ሱፍ ውስጥ ሲገባ ከክብሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሽርጥ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ሁለት ነው። የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፤ አስተሳሰሩም በሩኩዕና በሱጁድ የማይላላ መሆን ይኖርበታል።

ኮትና ሱሪ

ኮት ሲለኩ መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ነው። የትከሻው ስፌት የሰውየው ትከሻ አጥንት የሚያበቃበት ቦታ ላይ ማለቅ አለበት። እጅጌና ወገብ በልብስ ሰፊ በቀላሉ ይስተካከላሉ፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን እንደ አዲስ እንደመስፋት ነው። ትከሻው ካልሆነ ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል። እጅጌው ደግሞ የሸሚዙን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማሳየት አለበት።

አዲስ ኮት ከእጅጌው ውጭ የተሰፋ የፋብሪካ ስም ይኖረዋል። ከኋላ ያለው ስንጥቅም በመስቀለኛ ክር ተይዞ ይመጣል። አንዳንድ ወንዶች የእጅጌውን ስም አዲስነቱ እንዲታወቅ ሆን ብለው ይተዉታል፤ ክሩን ደግሞ የስፌቱ አካል ይመስላቸዋል። ሁለቱም ከመልበስ በፊት የሚነሱ ናቸው። ስንጥቁ የተሰፋው ሰው ሲቀመጥና ሲራመድ እንዲከፈት ነውና ተይዞ ከቀረ ኮቱ ከኋላ ይጨማደዳል።

የኮት የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም። ልማዱ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ታሪኩ ምንም ይሁን ምን፣ የዛሬ ኮቶች የሚሠሩት ይህንኑ ታሳቢ አድርገው በመሆኑ ሁሉንም ቁልፍ መቆለፍ ልብሱን ሆድ ላይ ይወጥረዋል። ኪስ ውስጥ ስልክ፣ የቁልፍ ዘለላና የብር ጥቅል መጠቅጠቅም ደህናውን ኮት ያጎብጠዋል።

ሱሪ ጫማውን ነካ ብሎ መቆም አለበት። ለማሳጠር የሚወስደው ጊዜ አጭር ቢሆንም በዒድ ዋዜማ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ያለው ወረፋ ረጅም ነው። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት የገዛ ሰው ከዚህ ጭንቀት ይድናል። ለምእመኑ ጉዳዩ ከማማርም ያልፋል፤ በኩራት ልብስን መሬት ላይ መጎተት በሐዲስ የተነቀፈ ነው።

ነጭ ጀለቢያ

ነጭ ልብስ በሐዲስ የተወደደ በመሆኑ በዒድ ጠዋት ሜዳው በነጭ ይሞላል። ነጭ ግን ምስጢር አይጠብቅም። ስስ ጀለቢያ ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡን ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ገላን መሸፈን ግዴታ ለሆነበት ሶላት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ልብሱን ከመግዛት በፊት እጅን ከውስጥ አስገብቶ ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይበቃል። ከሥር ረጅም ስስ ሱሪ መልበስም መፍትሔ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ከነጭ ሥር ነጭ የውስጥ ልብስ ይበልጥ ጎልቶ መታየቱ ነው፤ ግራጫ ወይም ከቆዳ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ይሻላል።

የቆየውን ጀለቢያ ለማንጣት በረኪና ማብዛትም ያስከፍላል። ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ በበረኪና ሊወይብ ይችላል። በጣም የጋለ ካውያም እንዲህ ያለውን ልብስ ያብለጨልጨዋል፤ ገልብጦ ወይም እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መተኮስ ይህን ይከላከላል።

ጫማ፣ ሽቶና ፀጉር

እግር ከጠዋት ይልቅ ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ስለዚህ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ የሚደረገውን ካልሲ አድርጎ መለካት ይመረጣል። ከዚያም ከዒድ በፊት ጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ ማለማመድ ያስፈልጋል። በዒድ ቀን ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ብዙ ይኬዳል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ዒድ ሶላት በሄዱበት መንገድ አይመለሱም ነበር። ይህንን ሱና ለመከተል የሚሻ ሰው የሚያስነክስ ጫማ አይረዳውም። በተረፈ ጥቁር ጫማ ጥቁር ቀበቶ ይፈልጋል፤ የስፖርት ነጭ ካልሲም ከሱፍ ጋር አይሄድም። ለመስጂድ ጫማ ይወለቃልና የተቀደደ ካልሲ አይደበቅም።

ሽቶ ለዒድ የተወደደ ነው። ነገር ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ በሚሰገድበት ሰልፍ የበዛ ሽቶ አጠገብ ያለውን ሰው ራስ ያዞራል። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ጥቂት ይበቃል። በዘይት የተሠራውን በቀጥታ ነጭ ልብስ ላይ ማድረግ ነጠብጣብ ያስቀራል። ሽቶ ገላን መታጠብን እንደማይተካም መዘንጋት የለበትም።

ፀጉርም ቢሆን ለዒድ ሌሊት ባይቀር ይመረጣል። ፀጉር አስተካካዩ በተጣደፈበት ሰዓት አዲስ ቁርጥ መሞከር አደጋ አለው። ፊቱ በምላጭ የሚቆጣ ሰው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢላጭ ቆዳው እስከ ዒድ ይረጋጋል።

ትልቁ ስህተት

እስካሁን የተነሱት በክርና በመርፌ፣ በውሃና በሳሙና የሚታረሙ ናቸው። የሚከብደው ተበድሮ መዘነጥ ነው። ለቢዮ አዋሌው አባወራ የአንድ ሱፍ ዋጋ ዘር መግዣም፣ የልጅ ደብተርም ሊሆን ይችላል። ለዒድ አዲስ መልበስ ግዴታ አይደለም፤ የሚወደደው ካለው ልብስ የተሻለውን መልበስ ነው። ከሶላቱ በፊት መውጣት ያለበት ዘካተል ፊጥር ግን ለሚችል ሁሉ ግዴታ ነው፤ ከኮቱ ዋጋ ቀድሞ መቀመጥ ያለበትም እሱ ነው።

እንግዲህ የዘንድሮው ዒድ ሳይደርስ ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ቁም ሳጥኑን ወይም ሻንጣውን መክፈት ነው። ያለውን ልብስ ለብሶ ባለቤትን "እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። የላላው ቁልፍ ይሰፋል፣ የረዘመው ይታጠፋል፣ የቆሸሸው ይታጠባል። ምናልባትም አዲስ የማያስፈልግ ሆኖ ይገኛል። የተረፈችውም ብር ለጎረቤት ልጅ አንዲት ሸሚዝ ትሆናለች።