አሞናይት፦ እውነተኛው ቅሪተ አካል ከተቀረጸው የሚለይበት መንገድ

አሞናይት በጥንታዊ ባሕሮች ይኖሩ የነበሩ፣ ከዛሬዎቹ ኦክቶፐስና ስኩዊድ ጋር የሚዛመዱ፣ ነገር ግን ለስላሳ አካላቸውን በተጠቀለለ ዛጎል ይከልሉ የነበሩ እንስሳት መጠሪያ ሲሆን፣ ዘራቸው ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የቆየው ዛጎላቸው ወይም የዛጎሉ ቅርጽ ቅሪተ አካል ይባላል፤ ጥምዝምዙ ዓይን የሚስብ በመሆኑም በዓለም ገበያ ተፈላጊ ጌጥ ሆኗል። ተፈላጊነቱ ግን ከተራ ድንጋይ የሚቀርጹትን፣ በቅርጽ ማውጫ አፍስሰው የሚሠሩትንና የተሰበረውን ቀጥለው ሙሉ የሚያስመስሉትንም አብዝቷል። አስመሳዮቹ የሚኮርጁት የውጩን መልክ ስለሆነ፣ መርማሪው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ድንጋዩ ዓይነትና መገኛ፣ ቀጥሎም ስለ ዛጎሉ ውስጣዊ አሠራር ነው።

ኢትዮጵያ የእውነተኛ አሞናይት አገር ናት። ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የጁራሲክ ዘመን ባሕር ሰፊውን የአገሪቱን ክፍል ሸፍኖ ስለነበር፣ ከባሕሩ ወለል የተከማቸው ዝቃጭ ዛሬ የኖራ ድንጋይ ሆኖ በመቀሌ አካባቢ፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ፣ በሙገር ሸለቆ፣ እንዲሁም በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ ይህን ድንጋይ በትግራይ በምትገኘው አንጣሎ ስም የሰየመው ሲሆን፣ ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአሞናይት ዝርያዎች በአጭር ጊዜ እየተለዋወጡ የኖሩ በመሆናቸው፣ በአንድ ንብርብር ውስጥ የተገኘው ዝርያ የንብርብሩን ዕድሜ ለማወቅ ያገለግላል።

በአንጻሩ አዲስ አበባን የከበቡት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተመሠረቱት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ሰበታ በወጨጫና በፉሪ ተራሮች ግርጌ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ ሲሆን፣ የእነዚህ ተራሮች ድንጋይ ከቀለጠ ዐለት የተገኘ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ በሰፊው የሸፈነው ታላቁ ፍንዳታ የተከሰተው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ አሞናይት ከጠፋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ስለዚህ «ከሰበታ ተራራ የወጣ» የሚባል፣ በጥቁር ባዛልት ላይ የሚታይ ጥምዝ ምንም ያህል ቢያምር የሰው እጅ ሥራ ነው። ይሁንና ከሱሉልታ የሚነሳው መንገድ በጫንጮና በፍቼ አድርጎ ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ከቡራዩ የሚነሳውም በሆለታ በኩል ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ወደሚቆፈርበት ሙገር የሚያደርስ በመሆኑ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚገኝ እውነተኛ አሞናይት ከሌላ ስፍራ የመጣ መሆኑ መታወቅ አለበት። ድንጋዩን ለመለየት አንድ ጠብታ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበቃል፤ የኖራ ድንጋይ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ንጹሕ ባዛልትና ጄሶ ግን አያወጡም።

የድንጋዩ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ምርመራው ወደ ዛጎሉ አሠራር ይሸጋገራል። እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻውና በሰፊው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ከኋላው ያለው ጥምዝ በግድግዳዎች ተከፋፍሎ እንስሳው እንዲንሳፈፍ የሚረዱ ባዶ ክፍሎች ይሆናል። እያንዳንዱ ግድግዳ ከዛጎሉ ጋር የሚጋጠምበት መስመር፣ ስፌት የሚባለው፣ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተሸነሸነ ነው፤ ቀራጮች ይህን መስመር በእኩል ርቀት ደጋግመው በሁለቱም ጎን ማሳየት ስለሚያዳግታቸው ብዙውን ጊዜ ይተዉታል። ይሁን እንጂ ስፌት የሚታየው የውጩ ዛጎል ሲነሳ ብቻ ነው፤ እንስሳው ይኖርበት በነበረው ክፍል ላይም ፈጽሞ የለም፤ በመሆኑም የስፌት አለመታየት ብቻውን የሐሰተኝነት ማስረጃ አይሆንም። የጎድን አጥንት የሚመስሉት የዛጎሉ ሸንተረሮችም ከአንዱ ጎን ተነስተው በጠርዙ በኩል ከሌላው ጎን ጋር በሥርዓት መገናኘታቸው፣ ወይም እንደ ዝርያው በጠርዙ ላይ መቋረጣቸው ይመረመራል፤ የተቀረጸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ፊት ብቻ ተሠርቶለት ጀርባው ባዶ ይቀራል።

በቅርጽ ማውጫ የተሠሩት በሌላ ምልክት ይታወቃሉ። ሰው ሠራሽ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሲፈስ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ይተዋል፣ በጠርዙም ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይቀራል፤ ከዚያው ማውጫ የወጡት ሁሉም እስከ ስንጥቃቸው ድረስ አንድ ዓይነት ናቸው። የጋለ መርፌ ሲነካው የፕላስቲክ ሽታ ማውጣቱ፣ በእጅ ሲያዝም ከድንጋይ ይልቅ ሞቅ ማለቱና መቅለሉ ማረጋገጫ ይሆናል። ዱቄቱ ከኖራ ድንጋይ የተፈጨ ከሆነ ግን አሲድ ሲነካው አረፋ ሊያወጣ ስለሚችል፣ አንዱ ፈተና ያለ ሌላው አይበቃም።

ከሁሉም አስቸጋሪው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ተጨማሪ የሆነው ነው። ከሞሮኮ ለገበያ ከሚወጡት መካከል መሐሉ እውነተኛ፣ ዳሩ በእጅ የተቀረጸ፣ ወይም ከተለያዩ እንስሳት የተገጣጠመ ይገኛል። በእንግሊዝ ዊትቢ ከተማም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእውነተኛ አሞናይት ላይ የእባብ ራስ እየቀረጹ ይሸጡ ነበር። የተጠገነውን ክፍል በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ቀለሙን በማስለቀቅ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ ሙጫውን ከድንጋዩ በተለየ ፍካት በማሳየት ያጋልጣል። የተሰበረን መጠገን፣ ማጽዳትና ማለስለስ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው ሻጩ ጥገናውን ሲደብቅ ነው።

አገር ውስጥ ለሚገኘው ደግሞ ሌላ ግዴታ አለ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተፈጥሮን ዝግመተ ለውጥ የሚመሰክሩትንም ቅርሶች የሚመለከት ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለሆነም በዓባይ ወይም በሙገር ሸለቆ አሞናይት ያየ ሰው ከንብርብሩ ሳያላቅቅ ቦታውን መዝግቦ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባዋል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የማይታወቅ አሞናይት፣ እውነተኛም ቢሆን፣ አብዛኛውን ሳይንሳዊ ዋጋውን አጥቷልና።