ከልጆች መኪና ፊት ስለ ቆመው ሰው

የቻርሊ ቻፕሊንን ስም ያልሰማ ከመካከላችሁ አይገኝም ብለን እናምናለን። ነገር ግን ያን ባርኔጣውን፥ ከዘራውንና ትልልቅ ጫማውን አድርጎ መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በልጆች ጨዋታ መካከል መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጤ ምኒልክ ካረፉ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ጥር 30 ቀን 1906 ዓ.ም.፥ «በቬኒስ የልጆች የመኪና ውድድር» የሚባል አጭር የሲኒማ ሥዕል በአሜሪካ ወጣ። ይህች ቬኒስ የኢጣልያዋ ሳትሆን በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ያለችው ናት። የኪስቶን ኩባንያ ሰዎች በዚያ የሚደረገውን እውነተኛ ውድድር ለማንሣት ካሜራቸውን ይዘው ሄዱ። ልጆቹ በትንንሽ መኪና ተቀምጠው ከእንጨት ከተሠራ ቁልቁለት ይንደረደራሉ፤ ሕዝቡም በግራና በቀኝ ቆሞ ያያል። ቻፕሊን ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበረ፤ እየመጣ ከካሜራው ፊት ይገተራል። ዳይሬክተሩ ሄንሪ ሌርማን ገፍትሮ ያባርረዋል፤ እርሱ ተመልሶ ይመጣል። መኪናዎቹም ለጥቂት ሳይገጩት ያልፋሉ። ሌላ ታሪክ የለውም። የቆመው ሕዝብ ገና አያውቀውምና አንዳንዱ ይስቃል፥ አንዳንዱም ግራ ገብቶት ያየዋል።

ይህን ሥዕል በቤቴል ከቤታችን ከ10 ዓመት ልጃችን ጋር ተቀምጠን አየን። (ቀድሞ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ ዛሬ ሰይጣኑ ከየሰው ኪስ ገብቷል።) ልጁ እስኪያለቅስ ሳቀ። ቀጥሎም፦

«አባባ፥ ይህ ሰውዬ ለምን ከመንገድ አይወጣላቸውም?» ብሎ ትክ ብሎ አየን።

ምክንያቱን አላጣነውም። ከአንድ ወር በፊት ከጋራዥ በለመነው አሮጌ ኩሽኔታ የሠራውን ጋሪ ቀምተን ሳንቃውን አስፈልጠን ለምድጃ ሰጥተነዋል። ፍርሃታችን ከንቱ አልነበረም፤ የሰፈራችን ቁልቁለት ሚኒባስ ከሚያልፍበት መንገድ ጋር ይገጥማል፥ ጋሪውም ፍሬን የለውም።

በአሜሪካም ልጆች ከሣጥን በሠሩት ጋሪ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። በ1925 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ማይረን ስኮት የተባለ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ አይቷቸው ውድድር አዘጋጀላቸው። ሞተር የለም፤ የሚያስኬደው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአክረን ከተማ መኪና የማይገባበት የራሱ መንገድ ተሠራለት። ሴቶች ልጆች ግን እስከ 1963 ዓ.ም. አልተፈቀደላቸውም ነበር።

ለእኛ እንዲህ ያለ መንገድ ማን ይሠራልናል? ቢሆንም አዲስ ሳንቃ ገዛን። ኩሽኔታዎቹን እናቱ ደብቃ አቆይታቸው ኖሮ አወጣችልን። ከአሮጌ ጎማ ፍሬን ቆርጠን ቸነከርን።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት አባቶች ጋር ተራ ገብተን ከቁልቁለቱ ግርጌ እንቆማለን፤ መኪና ሲመጣ ለማስቆም ከዘራ ይዘናል። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ ከመንገድ ይውጡ እንጂ!» ብሎ ጮኸብን። ልጃችን ከጋሪው ላይ ሆኖ ሲስቅ ሰማነው።