ገዳዩን እንዳትነግሪኝ

ባለፈው ሐምሌ እንግሊዝ አገር የምትኖረው ልጄ ደውላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ የት እንደዋልኩ ብነግርሽ ትስቂያለሽ» አለችኝ። የዋለችው ሃሮጌት በተባለች ከተማ ነው። እዚያ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የወንጀል ልቦለድ ደራሲያንና አንባቢዎቻቸው የሚገናኙበት ፌስቲቫል አለ፤ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ደራሲው መድረክ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ጠያቂ ያወያየዋል፣ ከመጽሐፉም ጥቂት ገጽ ያነባል፤ የሰው ልብ ሲንጠለጠል መጽሐፉን ይከድናል። ቀጥሎ ተሰብሳቢው ይጠይቃል። የማይጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ።

እውነትም ሳቅሁ። «ሰው ስለ ሰው መገደል ለመስማት ገንዘብ ከፍሎ ይገባል?» አልኳት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ወለጋ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ሞትን ደመወዝ እየተከፈለኝ ሳየው ኖሬያለሁ። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለካስ እኔም ነቀምቴ ቤቴ ውስጥ፣ ያለ መድረክና ያለ ትኬት፣ ይህንኑ ስሠራ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ሆቴሉ ላጫውታችሁ። ፌስቲቫሉ የሚካሄደው ኦልድ ስዋን በሚባል ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1926 ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከቤቷ ጠፍታ አገር ምድሩ ሲፈልጋት ሰንብቶ፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የተገኘችው እዚሁ ሆቴል ውስጥ፣ በሌላ ስም ተመዝግባ ነው። ራሷ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ እንኳ ይህን ሰሞን ዘላዋለች።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ የሙያ እህታችን ኖራለች! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን በፈቃደኝነት ስታስታምም ቆይታ ወደ መድኃኒት ክፍል ተዛወረች። የመርዝን ጠባይ የተማረችው እዚያ መድኃኒት ስትቀምም ነው። ያስተማራት ፋርማሲስት ኩራሬ የተባለውን መርዝ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር እንደነበር ጽፋለች፤ ኃያል የሆነ ይመስለው ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ የተመሠረተው በስትሪክኒን ነው፤ እኛ ከተሞች የባዘኑ ውሾች ይገደሉበት በነበረው መርዝ ማለት ነው። እንዴት እንደተሰጠ አልነግራችሁም፤ መድኃኒት የቀመመ ሰው ብቻ የሚያስበው ዘዴ ነው። የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ ስንት ዓመት የያዝኩ ሰው እንኳ ቀድሜ አልደረስኩበትም።

ጮክ ብሎ ማንበብ ለነቀምቴ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እዚሁ ከተማ ልጆች አስተምረዋል። አስቴር የኦሮሞን ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ ሰብስባ ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታትሟል። የእኔ ትውልድ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራ እየፈታ ያደመጠ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሲታገድ እኔ ገና ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። አንድ መምህር በጋዜጣ የተሸፈነ ቅጂ ለሦስት ሌሊት አዋሰን። ለአራት ነርሶች አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ሌሊት! በየተራ ማንበቡ እንደማያዳርሰን ስናውቅ አንዷ በኩራዝ ታነባለች፣ ሦስቶቻችን እናዳምጣለን። እግር ኮቴ ስንሰማ ድምፃችንን እናጠፋለን። ስለላውም ፍቅሩም ያለበት መጽሐፍ ነው፤ እንደዚያ ልቤ እየመታ ያዳመጥኩት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የለም።

ያ ልማድ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከጥር እስከ መጋቢት በአካባቢያችን ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። የልጄ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስልክ የለ፣ ከመሸ መውጣት የለ፣ ግድግዳ ግድግዳ ያያል። በዚያ ላይ የጎረቤት ልጆች እኛ ቤት ያመሻሉ። አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አጎቷ በመንገድ እንደወጣ አልተመለሰም። ሳጥኔን ስፈትሽ ለተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሸርሎክ ሆልምስ መጽሐፍ አገኘሁ።

ሁለት ልብ ሆንኩ። የተኩስ ድምፅ የለመዱ ልጆች ናቸው፤ በማታ የግድያ ታሪክ ይነበብላቸዋል? ምራቴም በግልጽ ተቃወመች። እውነት ነበራት። የመጀመሪያው ማታ አንዲት ሴት በጨለማ ክፍል ስትጮህ የሚለውን ገጽ ሳላሳጥር አነበብኩት፤ የስድስት ዓመቱ ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ከዚያ ወዲያ ትንንሾቹ ቀድመው ይተኛሉ፣ ደም ያለበትን እዘላለሁ፣ መብራት ሳይጠፋ ንባቡ ያልቃል። እንቅልፍ ለነሣው ልጅ ደግሞ በማግስቱ ንባብ የለም፤ ተረት ነው።

ትልልቆቹ ግን ያዙኝ። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አንዳንዴም ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነባለሁ፤ ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት አቆማለሁ። እያንዳንዱ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ይከታል። በማግስቱ ጣሳው ይከፈታል። የተሳሳተ እንደ እንቆቅልሹ አገር ይሰጣል፤ በአንድ ማታ ጊምቢን፣ ሻምቡንና ደምቢ ዶሎን ተረክቤያለሁ። የልጅ ልጄ መጽሐፉን ስከፍት ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «አኮ፣ ገዳዩን እንዳትነግሪኝ!»

(በነገራችን ላይ ዶክተር የጻፈው ታሪክ ቢሆንም፣ እዚያ ውስጥ ያለው የአሟሟት ፍጥነት እኔ በሥራዬ ካየሁት ጋር አይገጥምም። ይህንን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። ደስ ነው ያላቸው፤ ደራሲም እንደሚሳሳት አወቁ።)

የጎረቤቴ ልጅ ግን ወረቀት አትጽፍም ነበር። ገና ሳልጀምር የምትጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «በመጨረሻ ይታወቃል?»

«ይታወቃል» እላታለሁ።

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛውም ይታወቃል።»

ያን ጊዜ ትቀመጣለች። ወዲያው ጉልበቷን አቅፋ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። በአራተኛው ታሪክ ላይ መሰለኝ የመጀመሪያዋን ወረቀት ጣሳው ውስጥ የከተተችው። ልክ ነበረች። እናቷ፣ አጎቷ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሱ በአፏ ያወራችው በዚያ ሳምንት እንደሆነ ነገረችኝ። ንባቡ ነው አልልም። እንዲህ ያለ ነገር አንዱን መድኃኒት ብቻ ጠቅሶ እንደማይነገር ነርስ ታውቃለች።

ስልኩ ሲመለስ ልጆቹ ወደ ስልካቸው ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ቅዳሜ ማታ በሬ ተንኳኳ። እንዲሁ ቅዳሜ ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ልጄ በሰው እጅ መጽሐፍ ላከችልኝ። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ! እ.ኤ.አ. በ2025 ለንደንና ኒው ዮርክ ታትሟል፤ የኒው ዮርኩ አሳታሚ በወንጀል ልቦለዶቹ የታወቀ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በኩራዝ ያዳመጥኩት መጽሐፍ ያማረ ሽፋን ለብሶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። አማርኛውን አጠገቡ አድርጌ ቅዳሜ ማታ ጀመርኩላቸው። ልጆቹ አድገዋል፤ አሁን ጢም ያበቀለ አድማጭ ነው ያለኝ።

ስለ ፌስቲቫሉ ስነግራቸው የጎረቤቴ ልጅ፣ «እኚህ ደራሲ እዚያ መድረክ ላይ ቢቀርቡ ጥሩ ነበር። የት ነው የሚኖሩት?» አለች።

በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ይህንን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጥቂት አሰብኩ። ከዚያ እንደ አዋቂ ሰው ሁሉንም ነገርኳት።

ዝም አለች። ጉልበቷን አቀፈች፤ በዘጠኝ ዓመቷ እንደምታደርገው።

«ይቀጥሉ፣ አኮ» አለችኝ።

መነጽሬን አስተካክዬ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።