የመኪናዎ ውኃ ለምን ይጎድላል? ፍሳሹን ማግኛና መጠገኛ መንገዶች

የራዲያተር ውኃ በየጊዜው የሚጎድልባት አሮጌ መኪና የሆነ ቦታ ታፈሳለች። ውኃ እየጨመሩ መንዳት ችግሩን አይፈታም። ሞተሩ ከልክ በላይ ከሞቀ ቴስታታው ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ሊቃጠል ይችላል። ያኔ በአንድ ማሰሪያ ያልቅ የነበረው ሥራ ሞተር እስከ ማስከፈት ይደርሳል።

ፍለጋው የሚጀመረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ክዳኑ በትኩስነቱ ከተከፈተ የፈላው ውኃ ተፈናጥሮ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት የረጠበው ቦታ አቅጣጫውን ይጠቁማል። ከዚያ ቱቦዎቹን፣ ማሰሪያዎቻቸውን፣ የራዲያተሩን መጋጠሚያና የውኃ ፓምፑን ይመልከቱ። የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅሪት ፍሳሽ እንደነበረ ያሳያል። ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ የማሞቂያውን ራዲያተር ያስፈትሹ። ውጭ ምንም ሳይታይ ውኃው ከጎደለ፣ ነጭ ጭስ ከበዛ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ፤ መኪናዋን ሳይነዱ መካኒክ ይጥሩ።

ክዳኑንም አይናቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ይህን አይችልም።

የላላ ማሰሪያ ማጥበቅ፣ የተሰነጠቀ ቱቦና ያረጀ ክዳን መለወጥ ቀላል ነው። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ዱቄት ቀጫጭን መተላለፊያዎችን ሊዘጋ ይችላል። ከጥገናው በኋላ ያልተበረዘ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው ይሙሉ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከሕፃናትና ከእንስሳት ያርቁት።