ያውቁ ኖሯል? ምጣዱን የሠሩ እጆች

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ላዩ ያው የጥንቱ ሸክላ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች፤ የተሰበረ ገል ወቅጣ ትቀላቅልበታለች፤ ትለውሰዋለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ቅርጹን የምታወጣው በእጇ ብቻ ነው። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ትፈትገዋለች፣ ከዚያ በእንጨትና በኩበት ታቃጥለዋለች። በእሳቱ ውስጥ ከተሰነጠቀ የብዙ ቀን ድካሟ ገል ሆኖ ቀረ። ገዢዋ ደግሞ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፣ እንጀራዋንም ትጋግርበታለች። በብዙ የአገራችን ክፍል ግን ምጣዱን የሠራችው ሴት ከዚያ እንጀራ በአንድ መሶብ ቀርባ እንድትበላ አይፈቀድላትም ነበር።

የሚጠየፉት ሰው የሠራውን ዕቃ ሳይዝ ወደ እርሻው የሚወጣ ገበሬ እንዳልነበረስ? ማረሻውን ወናፍ እያናፋ የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነው።

ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአገራችን በአዋጅ ከተከለከለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴው፣ ገበሬው ሳይቀር በየሥራው ስም እየወጣለት መሰደቡን እየዘረዘሩ ኮንነዋል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ እንደሚቆጠርና እንደሚቀጣም አስታውቀዋል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ዛሬም በየሰፈሩ የሚሰማ ስድብ አለ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ንቀቱ ከየት መጣ? ብዙ ሰው መልሱን በ«ቡዳ» እምነት ውስጥ ይፈልገዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው መሬት ነው ባይ ነኝ። በአሮጌው ሥርዓት የሰው ክብር ርስቱ ነበር፤ ርስት ያልነበረው በእጁ ሥራ ያድራል። ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዋል ተብሎ ይተረካል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖሩ። ለጎንደር ነገሥታት በግንበኝነትና በአናጢነት የሠሩም ነበሩ። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬም የተወራው በእነዚሁ ሰዎች ላይ ነው።

ወደ እስራኤል የሄዱትም ከጥርጣሬ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን አይሁድ የተቀበለውን ደም ለጋሾቹ ሳያውቁ ሲደፋ እንደኖረ ተጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ።

በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ እንደሚሠሩ ያውቁ ኖሯል? ድንጋዩን ራሳቸው እየፈለጡ ይስሉታል፣ በእንጨት እጀታ ላይ ይተክሉታል፣ ሲደነዝዝ እንደገና ይስሉታል። የጥንቱ ሰው መሣሪያውን እንዴት ይሠራ እንደነበር ለመረዳት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እነዚህን ሴቶች አስተማሪ አድርገው ተምረዋል። በገዛ ቀያቸው ግን የእጅ ባለሙያው ወገን ከአራሹ ወገን ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ። በሰሜኑ የሚናቀው ሸማኔ በጋሞ ደጋ ሙሉ ክብር ያለው ሰው ነው! እዚያው ጋሞ ውስጥ፣ ዶርዜ ላይ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ከሽሮ ሜዳ ገዝተን ለበዓል የምንለብሰው ብዙው ሸማ የጋሞ ሸማኔዎች እጅ ሥራ ነው። በዚያው በጋሞ ግን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው እንደ ዝቅተኛ ይቆጠሩ ነበር። ንቀቱ ከሥራው ባሕርይ የመጣ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሙያ አንድ ቦታ ተከብሮ ሌላ ቦታ ባልተዋረደ ነበር።

የጣና ደንገል ታንኳ ደግሞ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የወይጦዎች ሙያ ነው። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ይጠየፏቸው ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፍ የሚፈቱት በአማርኛ ነው።

በደቡብ ጎንደር በሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ግን ሴት በሬ ጠምዳ ታርሳለች፣ ወንድ ጥጥ ይፈትላል። ማኅበረሰቡን በ1960ዎቹ የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ በጊዜው እንደ እብድ ተቆጥረው ነበር። ዛሬ ሽመና የማኅበረሰቡ ዋና መተዳደሪያ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡም ሆነ በትውልዱ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክስ? ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው ይባላል። በብዙ ቤት ግን በዚያው ቆጠራ ውስጥ ቀጥቃጭ ወይም ፋቂ አያት ይፈለጋል፤ ከተገኘም የተዋደዱት ልጆች ይለያያሉ። ይህ በገጠር ብቻ የሚሆን አይምሰልዎ፤ በከተማም፣ በተማረው ቤትም ይደረጋል።