ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ፦ አንድ ርቀት፣ ሁለት የበረራ ጊዜ

በንግድ፣ በቱሪዝምና በአየር ብክለት ላይ በሚደረጉ ጥናቶች በሁለት ከተሞች መካከል ያለው የቀጥታ ርቀት ብዙውን ጊዜ የጉዞ ጊዜን ወክሎ በስሌት ውስጥ ይገባል። ይህ ውክልና ምን ያህል እንደሚያዛባ ለማየት የዴልሂና የቶኪዮ መስመር ጥሩ ማሳያ ነው።

በምድር ሉል ላይ አጭሩን መስመር ተከትሎ ሲለካ፣ ከዴልሂ እስከ ቶኪዮው የናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ግን ወደ ቶኪዮ ስምንት ሰዓት ያህል፣ ወደ ዴልሂ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ይመድባል። በመሬት ላይ የሚደረገው እንቅስቃሴ፣ መነሣትና ማረፍ የልዩነቱን ከፊል ብቻ ያስረዳሉ።

ሌላው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አጭሩ መስመር ሂማላያን ተሻግሮ፣ አማካይ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በሚበልጠው የቲቤት አምባ ላይ ያልፋል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ቢወርድ አብራሪው በፍጥነት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ ይኖርበታል፤ ለተሳፋሪዎች በጭንብል የሚቀርበው ኦክስጅን በብዙ አውሮፕላኖች ላይ የሚበቃው ከ12 እስከ 22 ደቂቃ ብቻ ነውና። በቲቤት ላይ ግን 3,000 ሜትር ከምድሩ ወለል በታች ነው። ስለዚህ በረራዎቹ በአብዛኛው በደቡብ በኩል፣ በምያንማርና በደቡብ ምዕራብ ቻይና ዞረው ይሄዳሉ።

የአቅጣጫውን ልዩነት የሚፈጥረው ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ነው። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታቴኖ ጣቢያ ፊኛዎችን እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለካ። በ1926 ያወጣውን ዘገባ የጻፈው በኤስፔራንቶ ስለነበር ከጃፓን ውጭ ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት የብርድ ወራት በጃፓን ሰማይ ላይ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ወደ አንዱ አቅጣጫ የተገኘው ትርፍ በመልሱ ኪሳራ የሚጣፋ ይመስላል፤ ሆኖም አይጣፋም። የዙሪያው መንገድ 6,300 ኪሎ ሜትር፣ አማካዩ ነፋስም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ መሄጃው 6.3 ሰዓት፣ መመለሻው 7.9 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 14.2 ሰዓት ያህል ሲሆን ነፋስ ባይኖር ኖሮ 14 ይሆን ነበር። አውሮፕላኑ በተቃራኒው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ ነፋሱ በደርሶ መልስ ሁልጊዜ ያስከፍላል።

መረጃ ሰብሳቢውን የሚያሳስት አንድ ሌላ ነገር አለ። የቶኪዮ ሰዓት ከዴልሂ በሦስት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በመሆኑም በሰሌዳው ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶችን ብቻ ያቀናነሰ ሰው መሄጃውን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻውን ስድስት ሰዓት አድርጎ ይመዘግባል፤ ረጅሙ በረራም በመዝገቡ ላይ አጭሩ ሆኖ ይገኛል።